ለደመኛ የተመታ ቹኒሪ

ላዶ ከተገደለ ወዲህ ከሚሮን ቤት የወጣ እግር የእነቢሙርዛን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ስለዚህ ያን ጠዋት ውሻው ሲጮህ ወጥቶ የሚሮን እናት ከአጥሩ በር ላይ ቆመው ሲያያቸው፣ ቢሙርዛ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዞር ብሎ ሳቭሌ የት እንዳለ መፈለግ ነበር።

ሳቭሌ የወንድሙ የላዶ አንድያ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ጢሙ ገና አላቀመቀመም ነበር፤ አሁን ሙሉ ሰው ሆኗል፤ የአባቱንም ጩቤ ከወገቡ አይፈታም። ከበረቱ በር ላይ መንሽ ይዞ ቆሞ አሮጊቷን ዓይኑን ሳይነቅል ያያቸዋል።

«እማማ ኢቭሊታ፣ መንገድ ተሳሳቱ እንዴ?» አለ ቢሙርዛ።

«መንገዱን አልተሳሳትኩም። ልጄ ጠፍቶብኝ ነው የመጣሁት።»

መጥፋቱንማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከትናንት ወዲያ ከተራራው የወረደው የበረዶ ናዳ በሸለቆው ውስጥ የነበረውን የውሃ ወፍጮ ከነመሠረቱ ጠርጎታል። ሚሮን ያን ቀን ገብስ ሊያስፈጭ ወርዶ ነበር። ወንዶቹ አካፋና ረጃጅም ዘንግ ይዘው ሲቆፍሩ ሲወጉ ዋሉ አደሩ፤ ወፍጮው በነበረበት ቦታ ከራቁት ድንጋይ በቀር ያገኙት የለም። ቤቱንም ሰውየውንም ናዳው እንጉሪ ወንዝ ከቶታል ተባለ። በዚያ ላይ ትናንት አየሩ ድንገት ሞቀ። ከላይ የቀረው በረዶ ውሃ እየቋጠረ መክበድ ሲጀምር፣ የመንደሩ ሽማግሌ ያሶን «ለሞተ ብለን ያሉትን አንገብርም» ብለው ቁፋሮውን አስቆሙ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለ ቢሙርዛ።

«አጽናኝ ፍለጋ አልመጣሁም። ሥጋውን ወንዙ በልቶታል፤ ይብላው። ነፍሱን ግን እዚያ ገደል ውስጥ ለብርድ ትቼ አልተኛም። ቹኒሪህን ይዘህ ውረድልኝ።»

በናዳ ወይም በወንዝ፣ ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው ነፍሱ የቤቷን መንገድ አታውቀውም። እንደ መሲንቆ በደጋን የሚሳበውን ቹኒሪ የሚመታ ሰው እስከ ሞተበት ቦታ ሄዶ በዜማ ይጠራታል፤ አብሮ የሄደው አውራ ዶሮ ሲጮህ ተገኘች ማለት ነው፤ ከዚያ እየመቱ እስከ ምድጃዋ ይመሯታል። በላሽቲ መንደር ደግሞ ቹኒሪ የሚመታ ከቢሙርዛ ሌላ አልቀረም። የቀሩትን ትልቁ ጦርነት በልቷቸዋል፤ ከጦርነቱ የተረፉትም ጣታቸው ደርቋል።

ሳቭሌ ከበረቱ ሳቀ። «ለካ እሱም ነፍስ ነበረው!»

አሮጊቷ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ዓይናቸው ቢሙርዛ ላይ ነው። «አንተ እምቢ ካልክ ሌላ የምሄድበት ደጅ የለኝም። እምቢታህንም አልቀየምም። ግን በአፍህ በለኝ።»

ቢሙርዛ እምቢ ማለት አቃተው። «ቀድመው ይውረዱ። እመጣለሁ» አላቸው።

ቤት ሲገባ የላዶ ሚስት ማቅቫላ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ሁሉንም ሰምታለች።

«የወንድምህን ደም ያፈሰሰ ሰው ነፍስ ልትጠራ?»

«ለሙት እምቢ አይባልም፣ ማቅቫላ። አባቴ ይኼን ቹኒሪ ሲያወርሰኝ ያስማለኝ እሱኑ ነው።»

«አባትህ ልጁ በሰው እጅ ሲገደል አላየም!»

ቢሙርዛ ቹኒሪውን ከግድግዳው አወረደና ከእሳቱ ዳር ተቀመጠ። ብርድ የነካው ቹኒሪ ድምፁ ይታፈናል፤ ቆዳው እስኪወጠር ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። ወንፊት የመሰለውን ክብ ገላ ወደ ፍሙ እያዞረ፣ ከፈረስ ጭራ የተገመዱትን ሦስት ክሮች በጣቱ እየነካካ፣ ለማንም ያልተናገረውን ነገር በሆዱ ያብሰለስል ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ሚሮን ለላዶ ደም የተፈረደበትን እስር ጨርሶ የተመለሰው ባለፈው መኸር ነበር። መንግሥት የራሱን ፍርድ ጨረሰ፤ ደሙ ግን የመንግሥት አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቢሙርዛ እንቅልፍ የሚሉት ነገር አጥቷል። ሳቭሌ ጩቤውን ሲስል ያየዋል። ሳቭሌ በሚሮን ቤት በኩል ያለውን መንገድ ሲመርጥ ያየዋል። ደም መላሽ ሆኖ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ይመልሳል፤ ከዚያ ወይ እስር ቤት ይበሰብሳል፣ ወይ የሚሮን ወንድም ይገድለዋል። ናዳው ሲወርድ፣ ወፍጮው ጠፋ ሲባል፣ ቢሙርዛ በረት ገብቶ በላሚቱ ጎን ተደግፎ በእፎይታ አለቀሰ። ተራራው ደሙን መለሰ፤ የልጁም እጅ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ውለታ አንድ ዜማ መምታት ምን አላት?

ቹኒሪውን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ካፖርቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አስጠጋው። ከበሩ ሲወጣ ሳቭሌ እየጠበቀው ነበር።

«እኔም እወርዳለሁ።»

«አንተ ምን ትሠራለህ?»

«መሞቱን ዓይኔ ካላየ ልቤ አያምንም፣ አጎቴ።»

ሸለቆው አፋፍ ሲደርሱ ሦስት ሰዎች አገኙ፤ ኢቭሊታ፣ ሽማግሌው ያሶን፣ የሚሮን ታናሽ ወንድም ኖዳር። ኖዳር ትከሻው በር የሚያህል ሰው ነው። ቆፋሪዎቹ የተዉት አካፋና ገመድ አሁንም ከቋጥኙ ጋር ተደግፎ ቆሟል። ያሶን አውራ ዶሮውን ብብታቸው ሥር ይዘው ይታገሉታል።

«ሚስቴ በወጣትነቷ እንደዚህ አልቧጨረችኝም» አሉ ያሶን። የሳቀ የለም።

ኖዳር የሳቭሌን ወገብ አየ። «ለቅሶ በጩቤ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ለቅሶ ማን መጣ? እኔ ላረጋግጥ ነው የመጣሁት።»

«አፋችሁን ዝጉ!» አሉ ያሶን በሹክሹክታ፤ ግን ሹክሹክታቸው ከጩኸት ይብስ ነበር። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ከሸለቆው በላይ የቀረው በረዶ ሆዱን ገፍቶ ተንጠልጥሏል፤ በመካከሉ ትናንት ያልነበረ ሰማያዊ ስንጥቅ ይታያል። «ያንን ታያላችሁ? ሳል ያለበት እዚሁ ይሳልና ይጨርስ። ከዚህ በታች ከቹኒሪው ሌላ ድምፅ የሚያወጣ ሰው የሁላችንንም መቃብር ይቆፍራል። ይኼ ተራራ እንቅልፉ ቀላል ነው።»

ወረዱ። ነፍስ ከውሃ ጋር ትሄዳለች ብለው ኢቭሊታ የመረጡት ቦታ ወፍጮው ከነበረበት ወደ ታች ራቅ ይላል፤ ናዳው ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ አለት ገጭቶ የተከመረበት ነው። እስከዚያ ድረስ የቆፈረ ሰው አልነበረም። ነፍስ የዘመድ እንባ ካየች አትነሣም ስለሚባል፣ ሌሎቹ ወደ ላይ ርቀው ቆሙ። ቢሙርዛ የበግ ለምዱን ክምሩ ላይ አንጥፎ ብቻውን ተቀመጠ። እግሩ የታሰረው ዶሮ ከጎኑ ተጋድሞ በአንድ ዓይኑ ያየዋል።

ቹኒሪውን ጉልበቱ መካከል አቆመና ደጋኑን ሳበ። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ወጣ፤ በሞቀው አየር ክሮቹ ላልተዋል። አጠበቃቸው። ደግሞ ሳበ። መጥሪያው ዜማ አጭር ነው፤ ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ጠሪው ሲወርድ ቆም ብሎ ያዳምጣል። ቢሙርዛ ወረደ። ቆመ። አዳመጠ። የወንዙ ድምፅ ብቻ።

ደግሞ መታ። ቆመ።

ከሥሩ አንድ ነገር ኳ አለ።

በረዶ ሲሰምጥ እንዲህ ይላል ብሎ አሰበ። ግን ኳኳታው ደገመ። ሰለሰ። ቆም አለና እንደገና። በጆሮው ብቻ አልነበረም የሰማው፤ ከለምዱ ሥር በአጥንቱ ሽቅብ መጣ። በረዶ እኩል እኩል አይመታም። እንጨት በድንጋይ የሚመታ የሰው እጅ ነው።

ቢሙርዛ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። አራቱም እንደቆሙ ናቸው። የሰማ የለም። ኢቭሊታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሳቭሌ ኖዳርን እያየ ነው፤ እጁ ካፖርቱ ውስጥ ነው።

ደጋኑን ጎተተ። ከቅድሙ ይልቅ አጥብቆ።

እጁ ራሱ ያደረገው ነበር እንጂ እሱ አላዘዘውም። ግን አላቆመውምም። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው፤ ኳኳታውን ሸፈነው። ሚሮን በሕይወት ካለ ነገሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የጩቤው መሳል፣ የመንገዱ መምረጥ፣ የሌሊቱ ስጋት። ሚሮን ከወጣ ሳቭሌ ይገድለዋል። ዛሬ ካልሆነ ነገ ይገድለዋል። ታዲያ ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ሰውየው እንደሆነ በመንደሩ አፍ አስቀድሞ ሞቷል፤ እናቱ እንኳ ሥጋውን ለወንዝ ሰጥተው ነፍሱን ነው የለመኑት። ትንሽ መምታት ብቻ ነው። ዶሮው ይጮሃል፤ ይነሣሉ፤ ይሄዳሉ።

ሲወርድ ልማዱ ነውና ቆመ። ኳኳታው ፈጥኗል፤ እንደሚሮጥ ሰው ልብ ይደበድባል። ከታች ያለው ሰው ዜማውን ሰምቷል።

ቢሙርዛ ላብ አጠመቀው። ደግሞ መታ፤ ደግሞ አጥብቆ።

ደግሞ ቆመ።

ዝም።

ጠበቀ። ዝም። እስትንፋሱን ይዞ አዳመጠ፤ ከሥሩ ምንም የለም። የሞተ መስሎት ነበር፤ ወዲያው ግን እውነቱ ገባው። በላሽቲ አንድ ቹኒሪ ብቻ እንዳለ ሚሮን ያውቃል። የማን እንደሆነም ያውቃል። ከላይ የተቀመጠው የላዶ ወንድም መሆኑን አውቆ፣ የሚመታውም የሙት ዜማ መሆኑን አውቆ፣ ድንጋዩን አስቀምጦታል። ተስፋ ቆርጧል። ሳይለምን ዝም ብሏል።

ኳኳታውን ሸፍኖ መምታት ችሎ ነበር። ዝምታውን ግን መሸፈን አልቻለም።

ደጋኑን ለምዱ ላይ ጣለ፤ በእጁ መዳፍ በረዶውን መታ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሥሩ ቆይቶ፣ የማያምን በሚመስል ሁኔታ፣ አንድ ኳኳታ መለሰለት።

ተነሥቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። መጮህ አይችልምና እንደ እብድ እጁን አወናጨፈ። መጀመሪያ የደረሰው ሳቭሌ ነው።

«ምን ሆንክ፣ አጎቴ?»

«አለ» አለ ቢሙርዛ። «ከሥሬ ነው። በሕይወት አለ።»

የሳቭሌ ፊት አመድ መሰለ። «መቼ ሰማኸው?»

ልጁ ቹኒሪውንና የተጣለውን ደጋን አየ፤ ከዚያ የአጎቱን ዓይን አየ፤ ገባው። «ታዲያ ለምን አልቀጠልክም?» አለ፤ ድምፁ የተሰበረ ነበር። «ለምን አልተውከውም?»

ኖዳር በዚህ መካከል አካፋዎቹን ይዞ ደረሰ። ያለ ቃል መቆፈር ጀመሩ፤ ኖዳር፣ ቢሙርዛ፣ ያሶንም በዚያ ዕድሜያቸው። ኢቭሊታ በእጃቸው ይዝቃሉ። ሳቭሌ ብቻ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ድንገት ዶሮው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ሁሉም በያዙት ደረቁ። ከላይ ጭብጥ የሚያህል በረዶ ተላቅቆ እየተንከባለለ መጣና አጠገባቸው ፈረሰ። ያሶን ዶሮው ላይ ወድቀው ከካፖርታቸው ሥር ጨመሩት።

«አንተ ውሻ፣ አሁን ነው የታየህ?» አሉ በሹክሹክታ።

አካፋው እንጨት ነካ። ወፍጮው ወንዙ አልገባም ነበር። ናዳው ጠቅላላ ቤቱን ጎትቶ ከአለቱ ጋር አጋጭቶ፣ ጣሪያውን እንደ ክዳን ደፍቶበታል። በሁለት ወራጆች መካከል ቀዳዳ አገኙ፤ ከውስጡ የዱቄትና የሽንት ሽታ ያለው አየር ወጣ።

«ሚሮን!» አለ ኖዳር በቀዳዳው።

«እግሬ…» አለ ከውስጥ አንድ የደረቀ ድምፅ። «እግሬ ተይዟል።»

ኢቭሊታ በጉልበታቸው ወደቁ። ኖዳር ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ለመግባት ሞከረ፤ ትከሻው ወራጆቹ መካከል ተቀረቀረ። ሲታገል አንደኛው ወራጅ ሲጢጥ አለ፤ ከጎኑ ያለው በረዶ ተንሸራተተ። በግድ ጎትተው አወጡት። ቢሙርዛም ወፍራም ነው። ያሶን ሽማግሌ ናቸው። ቀዳዳውን ማስፋት ጣሪያውን መጣል ነው።

ሁሉም፣ ማንም ማንንም ሳያዝ፣ ወደ ሳቭሌ አዩ። ቀጭንና ረጅም ነው፤ እንደ አባቱ።

«አይሆንም!» አለ ኖዳር ድምፁን አፍኖ። «እሱን ከምታስገቡ ጣሪያውን ብትጥሉበት ይሻላል!»

«እኔስ ልግባ አልኩህ?» አለ ሳቭሌ።

ኢቭሊታ ተነሡና ልጁ ፊት ቆሙ። ቁመታቸው ደረቱ ላይ ነው የሚደርሰው።

«ግባ፣ ልጄ» አሉት።

«እማዬ፣ አብደሻል? ጩቤውን እንኳ…»

«ጩቤውን ይያዝ።» ለኖዳር ሲመልሱ ዓይናቸውን ከሳቭሌ አላነሡም። «እግሩ ተይዟል ሲል አልሰማህም? መቁረጫ ያስፈልገዋል። ምን እንደሚቆርጥ እሱ ያውቃል።»

ሳቭሌ ካፖርቱን አውልቆ ወረወረ፤ ገመዱን ከኖዳር እጅ ነጠቀ፤ ወገቡ ላይ አሰረ። ቢሙርዛ ክንዱን ሊይዘው እጁን ሰደደ። «ሳቭሌ…»

«አንተ ዝም በል፣ አጎቴ። አንተ መርጠሃል።»

እግሩን አስቀድሞ ገባና ጠፋ።

ገመዱ ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ ቆመ። ቢሙርዛ በደረቱ ተኝቶ ጆሮውን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ያሶን ስንጥቁን እያዩ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ኖዳር ገመዱን የያዘበት እጁ ነጭ ሆኗል።

ከታች የሳቭሌ ድምፅ ተሰማ። አንድ ነገር ጠየቀ፤ ቃሉ አይለይም። ዝምታ ሆነ። ከዚያ የሚሮን ድምፅ፤ ዝግ ያለ፣ የሚቆራረጥ። ደግሞ ዝምታ። ይህ ሁለተኛው ዝምታ እንደ ክረምት ረዘመ።

«ምን ይላሉ?» አለ ኖዳር።

ቢሙርዛ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ጩቤው ሲመታ ሰሙ። አንድ ጊዜ። ደግሞ። ደግሞ። ኖዳር ገመዱን ለቅቆ ቀዳዳው ላይ ሊወድቅ ሲል እናቱ አንገትጌውን ይዘው አስቀሩት። «ቆይ» አሉት። አልለቀቁትም። «ቆይ አልኩህ።» ጩቤው መታ፤ መታ። ቢሙርዛ የሚመታው እንጨት ይሁን ሥጋ መለየት አልቻለም። በዚያች ሰዓት ወደ እግዚአብሔር የጸለየው ስለ ሚሮን አልነበረም።

ገመዱ ተወዘወዘ።

ጎተቱ። ከብዷል። ከቀዳዳው መጀመሪያ የወጣው የሰው ጭንቅላት ነጭ ነው፤ ፊቱ፣ ጢሙ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ ዱቄት ነው፤ ከከንፈሩ ጥግ ዱቄቱ በምራቁ ቦክቶ ደርቋል። ሚሮን ነው። ራሱ ላይ የሳቭሌ የሱፍ ቆብ አለ። የቀኝ እግሩ ጫማ የለውም፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰባብሮ አብጧል፤ የተቆረጠ ግን አልነበረም። ዓይኑን ከብርሃኑ አጥብቦ ቢሙርዛን አየው።

«ሞቼ ነው መሰለኝ» አለ።

«ገና ነህ» አለው ቢሙርዛ። ከዚያ ገመዱን ፈትቶ ወደ ቀዳዳው መልሶ ጣለ። ሳቭሌ ወጣ። ትከሻው እንጨት ቧጥጦት ይደማል። ጩቤውን ያለ አፎት በእጁ ይዟል፤ ጫፉ ተሰብሯል።

«ተነሡ!» አሉ ያሶን፤ አሁን ድምፃቸውን አልቀነሱም። «ተነሡ! መጣ!»

ስንጥቁ አፉን ከፍቷል። ሚሮንን በለምዱ ላይ ጥለው ኖዳርና ሳቭሌ ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱ፤ ቢሙርዛ አሮጊቷን በክንዳቸው አንጠልጥሎ ሮጠ። ከቋጥኙ ጀርባ ሲደርሱ ነው ቢሙርዛ ደረቱን የዳበሰው። ባዶ ነው። ቹኒሪው ታች ቀርቷል፤ ለምዱ ሲነሣ በረዶው ላይ የተቀመጠ። ሊመለስ አንድ እግሩን አነሣ፤ ሳቭሌ ከኋላው አንገቱን አንቆ ጎተተው፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ወዲያው ተራራው ወረደ። ድምፁ ከጆሮ በላይ ነበር፤ ነፋሱ ትንፋሽ ነሣቸው፤ ነጩ ጭስ ሸለቆውን ሞላው። ሲጠራ ወፍጮውም፣ ቀዳዳውም፣ የአባቶቹ ቹኒሪም የለም። በረዶው ወንዙን ተሻግሮ ከወዲያኛው ዳር ያሉትን ዛፎች ሰባብሯል።

ኢቭሊታ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ዱቄቱን በምራቃቸው ከዓይኑ ይጠርጋሉ። ሲጨርሱ ቀና አሉና ሳቭሌን አዩት፤ ጎንበስ ብለው መሬቱን ሳሙ። ሳቭሌ ፊቱን አዞረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቢሙርዛና ሳቭሌ ለብቻቸው ሄዱ። ፀሐይ በኡሽባ ተራራ ትከሻ ላይ ነበረች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ሳቭሌ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ልገድለው ነበር የገባሁት።»

«አውቃለሁ።»

«አባቴ ሲሞት ምን እንዳለ ጠየቅኩት። ምንም አላለም አለኝ። ወዲያው ነው የሞተው አለኝ። ሊዋሸኝ ይችል ነበር፤ ስምህን ጠራ ቢለኝ አምነው ነበር፣ አጎቴ። አልዋሸኝም።» ትንሽ ሄደ። «ከዚያ ጩቤዬን ሲያይ አንገቱን ዘረጋልኝ። አንገትጌውን ገልጦ፣ እንዲህ። አንድም ቃል ሳይናገር። የታሰረ በግ ማረድ ሆነብኝ። አባቴ በታሰረ በግ ደሙ የሚመለስለት ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«አልነበረም። ከዚያ እግሩን የያዘውን እንጨት መቁረጥ ጀመርኩ። ብርድ እንደያዘው አየሁና ቆቤን ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አትጠይቀኝ።»

ቢሙርዛ ክንዱን ሊይዘው ፈልጎ ነበር፤ ግን ራሱ ያን ኳኳታ ስንት ጊዜ እንደሸፈነው አስታወሰና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ማቅቫላ ሁሉንም ሰማች። ሰምታ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለሁለቱም ቃል አላወጣችም። ምግቡን ታቀርባለች፤ ልብሳቸውን ታጥባለች፤ ስትጠየቅ ትነሣና ትወጣለች። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ያሶን ከሁለቱ ቤት ሽማግሎች መረጡ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕለ አድኅኖ ፊት መሐላው ተፈጸመ። ከሳቭሌ አፍ የወጣችው «ይብቃ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ሚሮን በምርኩዝ እያነከሰ ከሰው ዓይን ልራቅ ብሎ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ወደ ቆላው አገር ወረደ። ማቅቫላ መሐላው ላይ አልተገኘችም።

ቢሙርዛ በበጋው አዲስ ቹኒሪ ሠራ። የጥድ እንጨቱን ራሱ አጎበጠ፤ የጥቦት ቆዳ ወጠረ፤ ከግራጫው ፈረስ ጭራ ክሩን ገመደ። ዕድሜውን ሙሉ ሲመታ ኖረ እንጂ ሠርቶ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ አፍርሶ ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ሳቭሌ አጠገቡ ማጭድ ሲስል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጋኑን ሳበበት። የወጣው ድምፅ ውሻውን ከጥላው አስነሣው።

ሳቭሌ ማጭዱን ይዞ ቀረ። ቢሙርዛ እንዳልሰማ ሆኖ ደግሞ ሳበ። ከበፊቱ ባሰ።

ከውስጥ የማቅቫላ ድምፅ መጣ፤ ከክረምት ጀምሮ ያልሰሙት፣ የሻከረ።

«ምንድን ነው እሱ? ሆዷን የነፋት ጥጃ ነው ያሰርከው?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም።

«ክሩ አዲስ ሆኖ ነው» አለ ቢሙርዛ፣ በጥንቃቄ።

«ክሩ ምን አደረገ፤ ቆዳው ነው የላላ። በጥላ አድርቀኸው ነው።» እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ወጣች፤ ፊቷ አልተፈታም። «አምጣው ወደ እሳቱ። አንተም አትገተር፣ እንጨት ጨምር» አለችው ልጇን።